አባቴ የሳንባ ካንሰር አለባቸው፤ ይድናሉ ወይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። አባቴ 61 ዓመታቸው ነው። ወጣት እያሉ ሲጋራ ያጨሱ ነበር፤ ካቆሙ ቆይተዋል። ሳል ከጀመራቸው ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ "ቲቢ ሳይሆን አይቀርም" ተብለው መድኃኒት ጀመሩ። አልተሻላቸውም፤ ክብደታቸውም ቀነሰ። በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሡ ቀኝ ሳንባቸው ላይኛው ክፍል ላይ 4.2 ሳንቲ ሜትር የሆነ እብጠት ታየ። ናሙና ተወስዶ "አዴኖካርሲኖማ" የሚል ውጤት መጣ። ወንድሜ ቤቱን ሸጠን ሕንድ እንውሰዳቸው ይላል። አክስቴ ጸበል ይበቃቸዋል ትላለች። ለእሳቸው የነገርናቸው "ሳንባዎ ትንሽ ቆስሏል" ብለን ነው። የሲቲ ስካኑን ንባብ አያይዤ ልኬያለሁ። እውነቱን ይንገሩኝ፤ ይድናሉ ወይ? እናቴ ደግሞ ምን ይብሉ፣ ምን ይተዉ ብለሽ ጠይቂልኝ ብላለች።

ምላሽ፦ እህቴ፣ እግዜር ይማራቸው። እውነቱን ስለጠየቅሽኝ ሳልሸፋፍን ልንገርሽ። ሊድኑ ይችላሉ። ግን አሁን እጃችሁ ላይ ባለው ወረቀት ብቻ "ይድናሉ" ወይም "አይድኑም" የሚል ሐኪም ካጋጠመሽ እየገመተ ነው። የላክሽልኝን የሲቲ ስካን ንባብ ደጋግሜ አየሁት። የእብጠቱ መጠን በደንብ ተጽፏል። በሁለቱ ሳንባዎች መካከል ስላሉት ንፍፊቶች ግን አንድም መስመር የለም። ስለ ጉበትም አልተጻፈም። ከኩላሊት በላይ ስለሚገኙት አድሬናል የሚባሉ ዕጢዎችም እንዲሁ። የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚያ ያልተጻፈው ላይ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዓይነቱ። የሳንባ ካንሰር በጥቅሉ ለሁለት ይከፈላል። ከ100 ታማሚዎች 15 ያህሉን የሚይዘው ባለ ትንሽ ሕዋስ የሚባለው ነው። እሱ ቶሎ ይሠራጫል፤ ቀዶ ሕክምና የሚደረግለትም ከስንት አንዴ ነው። የቀሩት 85 ያህሉ ትንሽ ሕዋስ ያልሆነው የሚባለው ዓይነት ነው። የአባትሽ አዴኖካርሲኖማ የሚመደበው እዚህ ነው። ይህ ዓይነት ባለበት ቦታ ሳለ ከተደረሰበት በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ ሊወጣ ይችላል። የመዳን ትልቁ ተስፋም እዚያ ላይ ነው።

ቀጥሎ ደረጃው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ወንድምሽ ቤት ለመሸጥ የቸኮለው ይህን ሳያውቅ ስለሆነ። ዓለም አቀፉ የሳንባ ካንሰር ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1999 እስከ 2010 ባሉት ዓመታት ካንሰሩ የተገኘባቸውን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ታማሚዎች መረጃ ከብዙ አገሮች ሰብስቦ ነበር። በዚያ መረጃ እንሂድ። አባትሽ 4.2 ሳንቲ ሜትር እብጠት አላቸው። ንፍፊቶቹ ንጹሕ ከሆኑና ካንሰሩ ሌላ ቦታ ካልሄደ ሁለተኛ ደረጃ ነው። እንዲህ ካሉ 100 ሰዎች 60ዎቹ ከ5 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ካንሰሩ በዚያው በቀኝ በኩል በመሀል ደረት ያሉት ንፍፊቶች ውስጥ ከገባ ሦስተኛ ደረጃ ይሆናል፤ ቁጥሩ ወደ 36 ይወርዳል። አንጎል፣ አጥንት ወይም ጉበት ውስጥ ከተገኘ ደግሞ አራተኛ ደረጃ ነው። እዚያ ከ100 ሰው 10 ወይም ከዚያ በታች ነው። እብጠቱ በሦስቱም ያው 4.2 ሳንቲ ሜትር ነው። ዕጣውን የሚለየው ከሳንባ ውጭ ያለው ነገር ነው፤ እናንተ ደግሞ እሱን ገና አላያችሁም።

እነዚህን ቁጥሮች ስታነቢ ሁለት ነገር አስቢ። አንደኛ፣ የተሰበሰቡት አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ሳይስፋፉ በፊት ነው። ዛሬ በተለይ ሦስተኛና አራተኛ ደረጃ ላይ ያሉ ሰዎች ዕድል ከዚያ የተሻለ ነው። ሁለተኛ፣ ብዙዎቹ ታማሚዎች የታከሙት ቀዶ ሕክምናም ጨረርም ያለ ረጅም ወረፋ በሚገኝበት አገር ነው። እኛ አገር መዘግየቱ ራሱ ከዚያ ላይ ይቀንሳል።

ስለዚህ የሚቀጥለው ሥራ ይህ ነው። ከደረት እስከ ላይኛው ሆድ ድረስ የሚደርስ፣ በመርፌ የሚሰጥ ማቅለሚያ ያለው ሲቲ ስካን። ተነሥቶ ከነበረ ያው ፊልም እንደገና በጥንቃቄ ይነበብ፤ ሌላ ገንዘብ ላያስፈልግም ይችላል። ከዚያ የአንጎል ኤምአርአይ። ፔት ሲቲ (ካንሰር ያለበትን ቦታ አብርቶ የሚያሳይ የመላ ሰውነት ምርመራ) ከተገኘ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ ግን ሕክምናው ይቆማል ማለት አይደለም።

አንድ ነገር አደራ። ንፍፊት አብጧል ከተባለ "ካንሰሩ ገብቷል" ብላችሁ ወዲያው አትደምድሙ። ሲቲ ስካን ላይ በአጭር ጎኑ ከ1 ሳንቲ ሜትር በላይ የሆነ ንፍፊት ያጠራጥራል፤ እውነት ነው። ግን እንደ እኛ ቲቢ በበዛበት አገር ንፍፊት በቲቢም ያብጣል። በድሮ ቲቢ ምክንያት አብጦ የቀረም አለ። ፔት ሲቲም ይሳሳታል፤ ቲቢም እንደ ካንሰር ያበራል። "ንፍፊቱ አብጧል፣ ቀዶ ሕክምና አይሆንም" ተብሎ የተመለሰ ሰው ንፍፊቱ በመርፌ ተነክቶ ሲመረመር ካንሰር ላይገኝበት ይችላል። ስለዚህ ንፍፊቱ ውሳኔውን የሚቀይር ከሆነ ናሙና ይወሰድለት በሉ። በብሮንኮስኮፒ (በአየር ቧንቧ በሚገባ ቀጭን የካሜራ ቱቦ) ወይም በደረት ቀዶ ሐኪም ይደረጋል።

መረጃው ተሟልቶ ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ፣ ሕክምናው የታመመውን የሳንባ ክፍል ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፤ የላይኛው ቢወጣ ሁለቱ ይቀራሉ። ሰው በዚያ ይኖራል። ከዚያ በፊት ግን አቅማቸው ይለካል። የትንፋሽ ምርመራ አለ፣ የልብ ምርመራ አለ። እኔ ከዚህ ሁሉ በፊት ቀለል ያለ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ አባትሽ ሳያርፉ ስንት ፎቅ ይወጣሉ? ሦስት ፎቅ ያለ ችግር የሚወጣ ሰው ብዙ ጊዜ የሳንባውን አንድ ክፍል ማጣት ይችላል። አንዱ ላይ የሚቆም ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ደጋግሞ ማሰብ አለበት። ነገ ጠዋት አብረሻቸው ወጥተሽ እዪ፤ ስንተኛው ላይ እንደቆሙ ለሐኪሙ ንገሪው።

ሲጋራ አቁመዋል ብለሻል። ጎሽ! ቤት ውስጥ ሌላ የሚያጨስ ሰው ካለ እሱም ይቁም፤ ቢያንስ አጠገባቸው አያጭስ። ከምርመራ በኋላም ያቆመ ሰው ካላቆመው የተሻለ ዕድሜ እንደሚያገኝ የታወቀ ነው። "አሁን ምን ዋጋ አለው" የሚለውን ወሬ አትስሙ።

ከቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ጊዜ ኬሞ ይሰጣል። ሲስፕላቲን ወይም ካርቦፕላቲን ከሌላ መድኃኒት ጋር፣ በየ3 ሳምንቱ፣ አራት ዙር። ሰው ኬሞ ሲባል ይፈራል፣ ስለ ጥቅሙም የተጋነነ ወሬ ይሰማል። የእውነት ጥቅሙ ይህ ነው፦ ከ100 ሰው 5 ያህል ተጨማሪ ሰዎች 5 ዓመት ይደርሳሉ። ትንሽ ነው? ለእነዚያ 5 ሰዎች ትንሽ አይደለም። ግን አባትሽ በጣም ደክመው ከሆነ ጥቅሙንና ጉዳቱን ከሐኪማቸው ጋር መዝኑ።

ሦስተኛ ደረጃ ሆኖ መቁረጥ ካልተቻለም ተስፋ አይቆረጥም። ጨረርና ኬሞ አብረው ይሰጣሉ። ጨረሩ በሳምንት አምስት ቀን፣ ለ6 ሳምንት ያህል ነው። አላማው ማዳን ነው እንጂ ማስታገስ ብቻ አይደለም። አገራችን ውስጥ ለብዙ ዓመታት ጨረር ያለው ጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር። አሁን እንደ ጅማ ያሉ ሌሎች ቦታዎች ተጨምረዋል፤ ወረፋው ግን አሁንም አለ። ከሕክምናው በኋላ ዱርቫሉማብ የሚባል፣ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀሰቅስ መድኃኒት ሲጨመር ከ100 ሰው 5 ዓመት የሚደርሱት ከ33 ወደ 43 ከፍ ማለታቸው በትልቅ ጥናት ታይቷል። ዋጋው ግን የሚቀመስ አይደለም። እንዳለ እንድታውቂው ያህል ነው የነገርኩሽ፤ "ባለመግዛታችን ነው" እያላችሁ ራሳችሁን እንድትቀጡበት አይደለም።

አራተኛ ደረጃ ከሆነ ጨዋታው ይለያል። እዚህ ላይ "መዳን" የሚለውን ቃል እኔ አልጠቀምም። ብዙ ሰው የማያውቀው ግን አራተኛ ደረጃ ሁሉ አንድ አለመሆኑን ነው። በአዴኖካርሲኖማ ናሙናው ላይ የጂን ምርመራ ይደረጋል። ዋናዎቹ ኢጂኤፍአር እና ኤኤልኬ የሚባሉት ጂኖች ናቸው። በእነዚህ ጂኖች ላይ ለውጥ ከተገኘ በቀን አንዴ ወይም ሁለቴ በአፍ የሚዋጥ ክኒን አለ። የኤኤልኬ ለውጥ ካላቸውና ሎርላቲኒብ የሚባለውን ክኒን ከጀመሩ ታማሚዎች ውስጥ ከ5 ዓመት በኋላ ካንሰሩ ያልባሰባቸው ከ100 ሰው 60 ነበሩ። ይህ አራተኛ ደረጃ ላይ ያለ ሰው ነው! ኦሲመርቲኒብ ደግሞ የኢጂኤፍአር ለውጥ ላላቸው ነው። ቀዶ ሕክምና ለተደረገላቸውም ይሰጣል።

ግን ያለ ምርመራ ክኒኑን ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ። "ሕንድ ያለ ዘመድ ይላክልን" የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። በምሥራቅ እስያ የተደረገ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና ኢፓስ የሚባል ጥናት አለ። ጌፊቲኒብ የሚባለው ክኒን የኢጂኤፍአር ለውጥ ካላቸው 100 ሰዎች ለ71ዱ እብጠቱን አሳነሰ። ለውጡ ከሌላቸው 100 ሰዎች ግን ለ1 ሰው ያህል ብቻ። ለእነሱ ኬሞ ይሻል ነበር። ክኒኑ ያለ ጂን ምርመራ ሲወሰድ ገንዘብ ማባከን ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛውን ሕክምናም ያዘገያል። ለውጡ ከሌላቸውስ? ፒዲኤል 1 የሚባል ሌላ ምርመራ አለ። እሱ ከፍ ያለ ከሆነ ፔምብሮሊዙማብ የሚባለውን መርፌ ከጀመሩ 100 ሰዎች 32 ያህሉ 5 ዓመት ደርሰዋል፤ በኬሞ ከጀመሩት 16 ያህሉ ነበሩ። ዋጋው እዚህም ያው ነው። የጂን ምርመራው ከእሱ ቀድሞ ይደረግ። መርፌው ተሰጥቶ ቶሎ ኦሲመርቲኒብ ከተከተለ ሳንባን የሚያስቆጣ ጉዳት ሊመጣ ይችላል።

ይህን ደግሞ በተለይ ለአባትሽ ነው የምልሽ። የቲቢ መድኃኒታቸውን አሁንም እየወሰዱ ነው? ከሆነ ለካንሰር ሐኪማቸው ንገሩ። በውስጡ ያለው ሪፋምፒሲን እነዚህን ክኒኖች ጉበት ውስጥ ቶሎ ያቃጥላቸዋል፤ መድኃኒቱ ተውጦም እንዳልተዋጠ ይሆናል። ቲቢ በአክታ ምርመራ ተረጋግጦ ከሆነ በራሳችሁ አታቁሙት። በግምት የተጀመረ ከሆነ ግን መቀጠሉ ከሐኪም ጋር መነጋገር የሚገባው ጉዳይ ነው።

አሁን ወደ ቤቱ ሽያጭ እንምጣ። ወንድምሽ ክፉ አላሰበም። ግን ዛሬ ቤት መሸጥ ማለት ደረጃውን ሳታውቁ ለምን እንደምትከፍሉ ሳታውቁ መክፈል ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከሆነ የሚያስፈልገው ጎበዝ የደረት ቀዶ ሐኪም ነው። እዚህ አገር ይህን የሚሠሩ አሉ። መጀመሪያ አንዱን አግኝታችሁ "ሊቆረጥ ይችላል ወይ? ወረፋው ስንት ሳምንት ነው?" በሉት። ወረፋው እጅግ የሚረዝም ከሆነ ያኔ ውጭ መሄድ ትርጉም አለው፤ ወጪውም ምን ላይ እንደሚውል ይታወቃል። አራተኛ ደረጃ ከሆነ ደግሞ ውጭ የሚሰጠው መደበኛ ኬሞ እዚህም የሚሰጠው ነው። ልዩነቱ የጂን ምርመራው ሊሆን ይችላል። ለእሱ ደግሞ አባትሽ መሄድ የለባቸውም፤ ናሙናው ነው የሚሄደው።

ናሙናው የሚቀመጠው ሰም በመሰለ ነገር ውስጥ ነው፤ ብሎክ ይሉታል። ትንሽ ነው። ናሙናውን የመረመረው ፓቶሎጂ ክፍል ሄዳችሁ ብሎኩንና ስላይዶቹን በፊርማ ማውጣት ትችላላችሁ። ሙቀት ቦታ አታስቀምጡት፤ ፀሐይ ላይ ያለ መኪና ውስጥም አይረሳ። የሲቲ ስካኑንም ፊልም ብቻ ሳይሆን በሲዲ ወይም በፍላሽ ውሰዱ። በአገር ውስጥም በውጭም የምታማክሩት ሐኪም መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እነዚህን ነው። ብሎኩ ስለጠፋ ብቻ ሳንባቸው እንደገና በመርፌ የተወጋ ሰዎች አሉ። ይሄ ያናድደኛል።

አክስትሽን በተመለከተ፣ ጸበሉን ከሕክምናው ጋር አታጋጩት። ብዙ ካህናት "መድኃኒቱን እየወሰዳችሁ ተጠመቁ" ነው የሚሉት። ችግር የሚመጣው መድኃኒት እንዲያቆሙ ሲነገራቸው ወይም ሩቅ ቦታ ሄደው ለወራት ሲቀመጡ ነው። ኬሞ ላይ ላለ ሰው ብርድ ላይ ረጅም ሰዓት መቆምና ብዙ ሰው የታጨቀበት ቦታ ማደር ጥሩ አይደለም። ቅርብ ቦታ፣ በቀጠሮዎቹ መሀል ይሁን። የባህል መድኃኒት የሚሰጥ ሰው ካለ ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ንገሩት፤ ጉበትን የሚጎዳ አለ።

ስለ መንገር። ይሄ ከሁሉም ከባዱ ነው። እኛ ጋ ቤተሰብ በር ላይ ያስቆመኛል፤ "ዶክተር፣ አደራ፣ ስሙን እንዳይጠሩት" ይለኛል። ከዚያ አባት "የካንሰር ሕክምና" ተብሎ በትልቁ የተጻፈበት በር ሥር ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ማንበብ ይችላሉ። ልጃቸው "የሕንፃው ስም ነው" ይላቸዋል። እሳቸውም ልጃቸው እንዳይከፋው ያመኑ ይመስላሉ። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም ይደብቃሉ፣ ለብቻቸው ይሸበራሉ። እህቴ፣ ለቀዶ ሕክምና የሚፈርሙት እሳቸው ናቸው። ሳያውቁ እንዴት ይፈርማሉ?

አንድ ቀን ተቀምጠሽ በግድ ንገሪያቸው አልልሽም። "አባባ፣ ስለ ሕመምህ ሐኪሙ ያለውን ሁሉ ማወቅ ትፈልጋለህ ወይስ እኛ እንወስን?" ብለሽ ጠይቂያቸው። ብዙ አባቶች "ንገሪኝ" ይላሉ። "እናንተ ጨርሱት" የሚሉም አሉ፤ ያም ምርጫ ነው። ደረጃው ከታወቀ በኋላ ብትነግሪያቸው ደግሞ ይሻላል፤ ያኔ ስሙን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚደረግም አብረሽ ትነግሪያቸዋለሽ።

ደረጃው ምንም ይሁን ምን፣ ሕመምና ትንፋሽ ማጠርን የሚያስታግሰው ሕክምና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይሰጥ። ሰው ይህን የመጨረሻ ሰዓት ነገር አድርጎ ያየዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 አሜሪካ ውስጥ የታተመ ጥናት በአራተኛ ደረጃ የሳንባ ካንሰር ታማሚዎች ላይ ይህን አየ። ይህን ድጋፍ ከጅምሩ ያገኙት ስሜታቸውም የተሻለ ነበር፤ በመካከለኛ ግምት 11.6 ወር ኖሩ፤ ያላገኙት 8.9 ወር። ሞርፊን ለሕመም ሲታዘዝም አትደንግጡ፤ በሐኪም መጠን ሲወሰድ "ሊሞት ነው" ማለት አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ሆስፒስ ኢትዮጵያን የመሰለ፣ ቤት ድረስ እየሄደ የሚረዳ ድርጅትም አለ።

የእናትሽ ጥያቄ መቅደም ነበረበት ይሆን? እሷ ናት ድስቱ ላይ ያለችው። ስኳር ካንሰርን ይመግባል የሚለውን ተዉት፤ የአባትሽ ችግር ክብደት መቀነስ ነው። የሚበሉትን ይብሉ፤ ትንሽ ትንሽ፣ ቶሎ ቶሎ። እንቁላል፣ ወተት፣ ሽሮ በቅቤ፣ የተቀቀለ ሥጋ፣ አጥሚት። ጾም ላይ ከሆኑ የንስሐ አባታቸውን አነጋግሯቸው፤ ለታመመ ሰው የሚፈቅዱ ናቸው፤ እናንተ ከምትከራከሯቸው እሳቸው ቢነግሯቸው ይሻላል። ኬሞ ከጀመሩ ግን ጥሬ ሥጋ ይቅር፤ ክትፎም ከሆነ በደንብ ይብሰል። ወተቱም ይፈላ። ነጭ የደም ሕዋሳቸው ይወርዳልና ትንሽ ጀርም ትጥላቸዋለች።

በዚያው ጊዜ ቴርሞሜትር ገዝታችሁ አልጋ አጠገብ አስቀምጡ። ኬሞ ላይ እያሉ ሙቀታቸው 38 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ነገ ጠዋትን አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዷቸው። ደም ካሳሉ፣ ፊታቸውና አንገታቸው ካበጠ፣ እግራቸው ከከዳቸው ወይም ያልነበረ ከባድ ራስ ምታት ከመጣም እንዲሁ። ሲደርሱ መጀመሪያ የምትሉት "ኬሞ ላይ ናቸው፣ የመጨረሻውን የወሰዱት በዚህ ቀን ነው" ይሁን። ወረፋ ላይ ሆናችሁ ዝም አትበሉ።